ዘንበል ያለው ዳዶ

ከጣሪያው በነጭ ክር የተንጠለጠለው የብሎን ዳዶ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ አያውቅም። የትም ቢሆን የተንጠለጠለ ብረት ወደ መሬት ነው የሚያየው። ይሄኛው ግን ክሩን ወጥሮ፣ ወደ ኤድና አዘንብሎ፣ ሰው ጠርቶት «አቤት» ሊል እንደዞረ ነው የቀረው። ሎርና ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር። ዳዶው ካዘነበለ ኤድና ደህና አድራለች ማለት ነው። «እንዴት አደርሽ ዳክዬ?» ትላትና ቁልፎቿን፣ ሰዓቷንና የባንክ ካርዷን በሩ ሥር ካለው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ትጥላለች። ከኖቲንግሃም ጎን ባለችው ቢስተን ሰው ሁሉ ሰውን «ዳክዬ» ነው የሚለው፤ አውቶቡስ ነጂውም፣ ሐኪሙም፣ ዳቦ ሻጯም። ማግኔትን ዳክዬ ስትል የሰማሁት ግን ሎርናን ብቻ ነው።

ኤድና ማግኔት ናት፤ ቁልፍና ሰዓት ይዞ የሚቀርባት የለም። ከሰው ቁመት የምትበልጥ፣ ሆዷ የተነፋ የብረት በርሜል፤ ውስጧ በፈሳሽ ሂሊየም የተዘፈዘፈ የሽቦ ጥቅል አለ። ስሙን ያወጣላት ኔቪል ነው፣ የሎርና ባል። ድሮ በላቦራቶሪው ካፌ ውስጥ ኤድና የምትባል ወፍራም ሴትዮ ነበረች። አንዴ እጅጌህን ከያዘች የእህቷን የጉልበት ሕመም ከነታሪኩ ሳትጨርስልህ አትለቅህም። «ይቺም እንደዚያው ናት» አለ ኔቪል፣ «አንዴ ከያዘች አትለቅም።»

እውነቱን ነው። ሽቦ እንደዚያ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሲዞር አይደክመውም። አንዴ ካስገባኸው በኋላ በሩን ትዘጋበታለህ፣ ኤሌክትሪኩን የሚሰጣትን ፓወር ሰፕላይ ነቅለህ ቤትህ ትሄዳለህ፤ እሱ ማንም ሳይገፋው ሲዞር ይኖራል። በር የምላችሁ አንዲት የሽቦ ቁራጭ ናት። ከአጠገቧ ጥፍር የምታህል ማሞቂያ ተጣብቃለች። ማሞቂያዋ ስትበራ በሩ ይከፈታል፤ ስትጠፋ ቁራጯ መልሳ ትቀዘቅዝና በሩ ይዘጋል። ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ጣጣው መልሶ መክፈት ላይ ነው። ውስጥ ያለው ስንት እንደሆነ አውቀህ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከውጭ በኩል እስከዚያው ድረስ ከፍ አድርገህ ነው ማሞቂያዋን የምትነካት። ውስጥና ውጭ እኩል ከሆኑ በሩ መከፈቱን እንኳ ልብ አትለው። ውጭው ባዶ ሆኖ ከከፈትክ ግን ጉድህ ፈላ! ማግኔቷ እንደ ወተት ትገነፍላለች። ሂሊየሙ በሙሉ ነጭ ጉም ሆኖ ይወጣል፣ የውስጡ ጥቅልም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በዚያ ላቦራቶሪ አንድ ወግ ነበር። አንዱ ጣቱን ማሞቂያው ቁልፍ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ ይጠይቃል፦ «በሆዷ ስንት ይዛለች?» ሌላው የፓወር ሰፕላዩን ቀስት አይቶ በአምፒር ይመልሳል። መልሱ ካልመጣ፣ ወይም ካልገጠመ፣ ቁልፉን የሚነካ የለም።

ወጉ የመጣው በሎርና ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ሎርና ያኔ ልጅ እግር ነበረች። የምትሠራበት የዳንቴል ፋብሪካ ተዘግቶባት፣ ጣቶቿ ቀጭን ክር የለመዱ ስለሆኑ ሽቦ ጠምጣሚ ትሆናለች ተብላ ወደ ላቦራቶሪው ተላከች። ቀይ የአንገት ልብስ አድርጋ ነበር፤ የቀዮቹ የፎረስት ኳስ ቡድን ደጋፊ ናታ፣ ሌላ ምን ታደርጋለች! ኔቪል በዚያን ሰዓት አንዲት አሮጌ ትንሽ ማግኔት ፊት ቆሞ፣ ጣቱን ማሞቂያው ቁልፍ ላይ አሳርፎ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከፍ ሊያደርግ እያሰበ ነበር። በሩ ተከፈተ፣ ቀይ የአንገት ልብስ ገባ። ኔቪል ዞሮ አየ። ጣቱ እዚያው ነበረችና ተጫነች።

ያኔ የሆነው አይነገርም። ማግኔቷ አጓራች፣ ነጩ ጉም ጣሪያውን ሞልቶ ወደ ታች ወረደ፣ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ግቢ ወጣ። የላቦራቶሪው ሹም ከኋላ እየሮጠ ኔቪል ላይ ይጮሃል፦ «አንተ ደንቆሮ! በሆዷ ስንት እንደያዘች ሳትጠይቅ ነው የምትከፍታት?» ኔቪል ግን የሹሙን ቃል የሰማው ሌላ ቀን ነው። ሄዶ ልጅቷ ፊት ቆመና «ይቅርታ፣ እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም» አላት።

«ምነው? እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ሎርና።

በጥቅምት የዝይ ባዛር የሚባለው የከተማው ፈንጠዝያ ሲመጣ አብረው ሄዱ። ከድንኳኑ ተቀቅሎ የላመ አተር በናና ሶስ በሉ፣ ኔቪል በፍርሃት ግማሹን ሸሚዙ ላይ ደፋው። ተጋቡ። ሹሙ በሰርጋቸው ቀን ብርጭቆውን አንሥቶ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ሳትጠይቅ እንዳትከፍት!» ብሎ መከረው፤ የላቦራቶሪው ሰው በሳቅ ሞተ፣ የሎርና እናት ግን ምን ነውር ተነገረ ብላ ፊቷን አጠቆረች።

ኔቪል ምክሩን ከልቡ ያዘ። ሎርና ፊቷን ከስክሳ ቤት ስትገባ «ምን ሆንሽ?» ብሎ አያውቅም። ምን ሆንሽ ብሎ ጥያቄ ሲያናድድ! ካፖርቷን ይቀበላትና «በሆድሽ ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል።

«ሰባ!»

«ሰባ? ማን ነው ሰባ የሞላሽ?»

«ያ የአምስት ቁጥሩ አውቶቡስ ነጂ ነዋ! እያየኝ፣ እጄን እያወዛወዝኩ፣ ጥሎኝ ሄደ!»

ኔቪል «አይዞሽ፣ ቀላል ነው» አይልም። እሱም እየወጣ ይመጣል። «እያየሽ? እያየሽ ነው ጥሎሽ የሄደው? ቆይ፣ ያ ጆሮው ትልልቁ ነው አይደል?» እያለ፣ ከእሷ ብሶ እየተቆጣ፣ ሻይ እየጣደ ሰባው ላይ ሲደርስ፣ ሎርና ራሷ ሳቋ ይመጣባታል። በሩ ሳይታወቃት ተከፍቷል። ከዚያ አብረው ይወርዳሉ። ሁልጊዜ ተሳክቶላቸዋል አልልም፤ ትዳር ነው። ገንፍለው ሳህን የተሰበረበትም ቀን ነበር። ያኔም ኔቪል ስብርባሪውን እየለቀመ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ በባዶ ከፈትኩ» ይል ነበር።

ኤድናን የሠሯት አብረው ነው። ሽቦዋን የጠመጠመችው ሎርና ናት፤ እንደ ዳንቴል፣ አንዱን ዙር ካንዱ አስጠግታ፣ ጣቷ እስኪቆስል። ሽቦው አልቆ፣ ኤድና ቀዝቅዛ፣ ኤሌክትሪኩን ያስገባው ኔቪል ነው። የጸደይ ጠዋት ነበር፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል። ኔቪል ማዞሪያውን ቀስ እያለ ያዞራል፣ ሎርና ቀስቱን ታነብባለች።

«በሆዷ ስንት ይዛለች?»

«ሰማንያ ሁለት!»

«በቃት። ዝጊያት ዳክዬ።»

ማሞቂያዋን ያጠፋችው ሎርና ናት። ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን ነቅለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ኔቪል ከኪሱ አንድ ዳዶ አውጥቶ በሎርና ክር አሠረና መሰላል ላይ ወጥቶ ሰቀለው። ዳዶው ወዲያው ወደ ኤድና አዘነበለ። «ይሄ እስካዘነበለ ድረስ እኛም አለን ማለት ነው» አላት ከላይ ሆኖ። ሎርና «ውረድ፣ ትወድቃለህ» ነው ያለችው። የዚያን ቀን ምን እንደተባለ ሰው ቶሎ አይገባውም።

ኔቪል በሳንባው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቃል ማውጣት ሲከብደው፣ ሎርና ጎንበስ ብላ «በሆድህ ስንት ይዘሃል?» አለችው።

«ትንሽ ነው» አላት። ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ «አልወረደም ግን» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሎርናን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ጎረቤቱ «ምን ሆንሽ?» ይላል፣ እህቷም በስልክ «በርቺ እንጂ» ትላለች። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ከዜሮ ላይ ቆመው ነው የሚከፍቱት። እሷም ሳትገነፍል ዘግታ መኖር ለመደች። ጡረታ ብትወጣም ለኤድና ሂሊየም ለመሙላት ትመጣ ነበር፣ በነጻ። ኔቪል በእጁ ያስገባው ያ ሰማንያ ሁለት እኮ አሁንም እዚያ ውስጥ እየዞረ ነው! ሌላው ሁሉ፣ ሸሚዙም ሽታውም፣ አንድ በአንድ ሄዷል። እሱ ብቻ አልሄደም። ሎርና ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሴትዮዋ ቀወሰች እንዳይሏት።

የማይቀረው መጣ። ሕንጻው ሊፈርስ ሆነ። አሁን ላቦራቶሪውን የያዘው ደንከን የሚባል አርባውን ያለፈ የጎረቤቷ ከተማ የደርቢ ሰው ነው። የደርቢ ሰው ማለት ለቢስተን ሰው በግ ማለት ነው፤ የኳስ ቡድናቸው አርማ በግ ነውና። ደንከንና ሎርና ከተዋወቁ ጀምሮ በዚሁ እንደተናከሱ ናቸው።

«የአስተዳደር ቢሮው ምን አለ መሰለሽ ዳክዬ» አላት አንድ ጠዋት፣ ኮብ የሚሉትን ድቡልቡል ዳቦ እየገመጠ። «ቀዩን የአደጋ ቁልፍ ተጭናችሁ አፍስሷት፣ በአንዴ ትለቀዋለች፣ ከዚያ ወደ ቁራሌው።»

«ማንን ነው የምታፈሰው? ኤድናን?»

«እኔ አላልኩም፣ ቢሮው ነው።»

«ስማ አንተ በግ! ይቺ ልጅ አንድ ቀን ገንፍላ አታውቅም። በዚህ ዕድሜዋ ከገነፈለች ሽቦው ይቃጠላል፣ አለቀላት! ዌልስ ያሉት ኮሌጆች ይወስዷት የለም እንዴ? ደውለው ጠይቀው የለም?»

«የሚወስዷት በደህና ከወረደች ነው። በደህና ለመውረድ ደግሞ ማሞቂያዋ መሥራት አለባት። ከተነካች ሃያ አምስት ዓመት ሆናት እኮ ሎርና! ተበጥሳ ይሆናል። ከተበጠሰች በሩ የሚከፈትበት መንገድ የለም።»

«እንሞክራታ!»

ደንከን ዳቦውን አስቀመጠ። ዓይኗን አየ፣ ዳዶውን አየ። «እሺ» አለ። «ሐሙስ ጠዋት። ማሞቂያዋ ከሞተች ግን ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

ሐሙስ ሎርና የድሮ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ መጣች። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ከቁም ሣጥን አውጥተው አቧራውን አራገፉ፤ ወፋፍራሞቹን ኬብሎች አሠሩ። ደንከን በቴስተር የማሞቂያዋን መስመር ነካ። ቴስተሩ ምንም አላለም። ደግሞ ነካ። ምንም።

«የለችም ዳክዬ» አለ ቀስ ብሎ።

ሎርና አጠገቧ ካለ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እጆቿን ጭኖቿ መሐል ከተተች። ወይ ኤድና! እንዲህ ተጠምጥማ፣ እንዲህ ተጠብቃ፣ ለቁራሌ! ቀዩ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ፊት ለፊቷ ነው፤ ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረች። የኔቪል ሰማንያ ሁለት እንደ ጭስ በጣሪያ ሊወጣ ነው።

ደንከን ግን ወደ ቀዩ ቁልፍ አልሄደም። የማሞቂያዋን መስመር ስፒና ነቅሎ ወደ ብርሃን ወሰደው። «ቆይ እስቲ» አለ። የስፒናው እግሮች አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል። ብርጭቆ ወረቀት አመጣና ምላሱን በጥርሱ ነክሶ እንደ ሕፃን ጥርስ አንድ በአንድ ፈገፈጋቸው። መልሶ ሰካው። ቴስተሩን ነካ።

«አለች! ሎርና፣ አለች! በሕይወት አለች!»

«አንተ በግ፣ እግዜር ይስጥህ!» ብላ ዘልላ አቀፈችው። ቀጥላም «ልቀቀኝ እንግዲህ» አለችው፣ የያዘችው እሷ ሆና።

ደንከን ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሆነ፣ ሎርና ማሞቂያው ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ቀስቱ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ደረሰ። ሎርና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በሆዷ ስንት ይዛለች?»

ደንከን ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

«በሆዷ ስንት ይዛለች?»

«እኔን ነው?» አለ ደንከን።

«እና ግድግዳውን ነው?»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ወግ ነው። ሳይጠየቅ አይከፈትም። ቀስቱን አይተህ ጮክ ብለህ መልስ።»

ደንከን ቀስቱን አየ። «ሰማንያ ሁለት» አለ።

«ጮክ ብለህ አልኩህ፤ ደርቢዎች ጎል ያገባችሁ ጊዜ እንደጮህከው፣ ካስታወስከው።»

«ሰማንያ ሁለት!»

ሎርና ተጫነች። ማሞቂያዋ እስክትሞቅ ሁለቱም ቀስቱ ላይ አፈጠጡ። ቀስቱ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት አንዴ ብቻ ተርገበገበና ዝም አለ። ጉም የለ፣ ጩኸት የለ። በሩ ተከፍቷል። ያኔ የገባው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ቅንጣት ብትጎድል ነው እንጂ እንዳለ ቁጭ ብሎ ጠብቋቸዋል።

«አሁን አውርጃት» አለ ደንከን በሹክሹክታ፣ ማዞሪያውን እየለቀቀላት።

ሎርና ማዞሪያውን ያዘች። ያዘችና ቀረች። በእልህ የለመነችው፣ ከደንከን ጋር የተሟገተችበት ነገር ይሄ ነበር፤ በዝግታ ትውረድልኝ ነው ያለችው። ለካ በዝግታ ማውረድ ማለት በገዛ እጅ ማውረድ ነው! ቀዩ ቁልፍ ቢሆን ሌላ ሰው ተጭኖት፣ እሷ ግቢ ቆማ ታለቅስ ነበር። አሁን ግን የኔቪልን የመጨረሻ ነገር የምታጠፋው ራሷ ናት።

«ልያዝልሽ?» አለ ደንከን።

«ተወኝ። ያስገባው እሱ ነው፣ የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። እኔው ላውጣው።»

አዞረችው። ቀስ እያለች፣ ኔቪል ሲያስገባ እንዳደረገው፣ እየቆመች፣ እያዳመጠች። ሰባ። ስልሳ። አንድ ጊዜ ቆም ብላ «አይዞሽ ዳክዬ» አለች፤ ለኤድና ይሁን ለራሷ እንጃ። ዳዶው መጀመሪያ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ክሩ ላላ አለ። ዳዶው፣ ሰው ሲያወራ ቆይቶ ጨዋታው ሲያልቅበት እንደሚዞር፣ ከኤድና ዞር እያለ፣ እየተመለሰ መጣ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ሲያርፍ ሎርና ማሞቂያዋን አጠፋች። ቀና ስትል ዳዶው ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል።

«ይሄ እስካዘነበለ ድረስ እኛም አለን» ያለው ሰውዬ ድምፅ ከመሰላሉ ላይ የመጣ መሰላት። ያን ቀን «ውረድ» ነበር ያለችው። ይኸው ወረደ።

ደንከን «ጎበዝ፣ ተሳካ፣ ዌልስ ልትሄድ ነው» ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን የሴትዮዋን ፊት አየው። ገና የተማረውን ነገር አስታወሰ፤ ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ ሳይገባው አፉ ላይ መጣለት።

«ሎርና» አላት። «አንቺስ በሆድሽ ስንት ይዘሻል?»

ሎርና ዞረች። ስድስት ዓመት የተዘጋው በር እንዲህ ከደርቢ በመጣ ሰው አፍ ይከፈታል ብሎ ማን አሰበ!

«ሰማንያ ሁለት» አለችው።

አይዞሽ አላላትም። በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገ። «እሺ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት።

«ቀይ የአንገት ልብስ አድርጌ ነበር» ብላ ጀመረች።

«እሱንስ ብትዘልይው?» አለ በጉ። ሎርና እንባዋን በቱታዋ እጅጌ እየጠረገች ሳቀችና ቀጠለችለት።